የበርሊኑ ጋዜጠኛ መዲና ላይ ጎጆ ሲቀልስ

 

በብዙ ወጣቶች ዘንድ «ሰው ሰው የሚሆነው ትልቅ ከተማ ሲገባ ነው» የሚል እምነት ሥር ሰድዷል። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ትንሽ ከተማ የተመደበ መምህር፣ ነርስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሻንጣውን ሳይፈታ የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ይጀምራል። የሰፈሩ ሰው «እንግዳው» ይለዋል፤ እርሱም እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ትዳርን ያህል ቁም ነገር «ከተማ ስገባ» እያለ ያቆየዋል። ይባስ ብሎም ለብቸኝነቱ ማስታገሻ እንዲሆነው ከአካባቢው ልጅ ጋር ኒካሕ ያስርና የዝውውሩ ደብዳቤ በደረሰው ማግሥት ሚስቱን ከወላጆቿ በር ጥሎ የሚሄድ አለ። ስለሆነም በየከተማው «ለመጤ ሠራተኛ ልጃችንን አንሰጥም» የሚሉ ወላጆች ቢኖሩ አያስደንቅም።

እኛም በመምህርነት ሥራችን እንዲህ ያለውን ወጣትም ወላጅም በየጊዜው እናያለን። ጉዳዩ ሊታሰብበት ይገባል ብለን ስላመንን በዚህ ወር ትልቅ ከተማን ትቶ በትንሽ ከተማ ትዳርና አዲስ ኑሮ የጀመረ የአንድ ጋዜጠኛ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ሙሐመድ አሰድ ነው። ብዙዎች የሚያውቁት በመጽሐፎቹ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናተኩረው መጽሐፎቹ ከመወለዳቸው በፊት በነበረው የጎጆ ታሪኩ ላይ ይሆናል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስልክ ሠራተኛው ጋዜጠኛ ሆነ

ሙሐመድ አሰድ የቀድሞ ስሙ ሊኦፖልድ ቫይስ ሲሆን፣ የተወለደው ጁላይ 2 ቀን 1900 በዚያን ጊዜ ሌምበርግ ትባል በነበረችውና ዛሬ ልቪቭ በሚል ስም በዩክሬን በምትገኘው ከተማ ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። አያቱ ረቢ፣ ማለትም የአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ አባቱ ደግሞ ጠበቃ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ቪየና ከተዛወረ በኋላ ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ትምህርቱ ግን አላረካውም። አቋርጦ በ1920 የዘመኑ ወጣት ሁሉ ወደሚጎርፍባት ወደ በርሊን አቀና።

በ1921 በአንድ የዜና ወኪል ድርጅት ሥራ ያገኘው በጋዜጠኝነት ሳይሆን በስልክ ሠራተኝነት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የታዋቂው ሩሲያዊ ደራሲ የማክሲም ጎርኪ ባለቤት፣ በአገሯ ለገባው ረሃብ እርዳታ ለማግኘት በድብቅ በርሊን መምጣቷን ሰማ። ካረፈችበት ሆቴል ድረስ ሄዶ አነጋገራት። ሌላ ጋዜጠኛ ያልደረሰበት ዜና ነበርና ስልክ ሠራተኛው ወዲያውኑ ጋዜጠኛ ሆነ።

በ1922 ኢየሩሳሌም ይኖር የነበረ አጎቱ ጋበዘውና ምሥራቁን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ብዙም ሳይቆይ በጀርመንኛ ከሚታተሙት ትላልቅ ጋዜጦች አንዱ የሆነው «ፍራንክፉርተር ሳይቱንግ» ዘጋቢ አደረገው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ ግብፅን፣ ሶሪያን፣ ኢራቅን፣ ፋርስንና አፍጋኒስታንን ሊያዳርስ የሚችልበት በር ተከፈተለት። አንድ ጋዜጠኛ የሚመኘውን ሁሉ አግኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ዳቦውን የከፈለው መንገደኛ

ይሁን እንጂ በጉዞው ልቡን የነኩት ትላልቅ የፖለቲካ ጉዳዮች አልነበሩም። በ1922 በሲና በረሃ በሚያቋርጥ ባቡር ውስጥ ሳለ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠ አንድ በደዊ ዐረብ ዳቦ ገዛ። ሊበላው ሲል ዓይኑ በባዕዱ ሰው ላይ ዐረፈ። ምንም ሳያውቀው ዳቦውን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠው፤ ሁለታችንም መንገደኞች ነን ሲልም አስረዳው። በአገራችን ከጎረቤት ሳያካፍሉ መብላት ነውር ሆኖ ላደገ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለበርሊኑ ወጣት ግን አዲስ ነበር።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘው ከደማስቆ ገበያ ነው። አንድ ገዢ ባለቤቱ በሌለበት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። ያንኑ ዓይነት ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤት ነጋዴ ተነስቶ ይመጣል። ገዢውን ወደ ራሱ ሱቅ አልወሰደውም። ከጎረቤቱ ዕቃ ሸጠለት፤ ገንዘቡንም እዚያው ለባለቤቱ አስቀመጠለትና ወደ ቦታው ተመለሰ። ተፎካካሪን ጥሎ ማለፍ ብልህነት ከሆነበት ዓለም ለመጣ ወጣት ይህ እንቆቅልሽ ሆነበት።

ሦስተኛው በአፍጋኒስታን የገጠመው ነው። ያስተናገደው የአንድ አካባቢ ገዥ ስለ እስልምና ሲናገር አዳምጦት ሲያበቃ፣ አንተ እኮ ሙስሊም ነህ፤ ራስህ አላወቅከውም እንጂ ብሎ ነገረው። ወጣቱ ዝም አለ። ንግግሩ ግን አብሮት በርሊን ገባ።

በምድር ውስጥ ባቡር ያያቸው ፊቶች

በ1926 ወደ በርሊን ተመልሶ ኤልሳ ከምትባል ሠዓሊ ጋር ትዳር መሠረተ። ኤልሳ በዕድሜ የምትበልጠው፣ የአንድ ልጅ እናትና በሐሳብ የምትግባባው ሴት ነበረች። ቁርኣንን በትርጉም አብረው ያነብቡ፣ አብረውም ይወያዩ ነበር።

በሴፕቴምበር 1926 ሁለቱም በበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረው ይጓዙ ነበር። የተቀመጡት ደህና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በሚሳፈሩበት ክፍል ነው። ወጣቱ ቀና ብሎ የሰዎቹን ፊት ተመለከተ። የለበሱት ያማረ፣ የጠገቡም ናቸው። በፊታቸው ላይ ግን የተደበቀ ሥቃይ አየ። ለኤልሳ ሲነግራት እርሷም አስተውላ በነገሩ ተስማማች። ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የነበረው ቁርኣን ገጽ ሱረቱ አት-ተካሡርን የያዘ ነበር። ይህ 102ኛው ሱራ የሰው ልጅ ብዛትን በመሽቀዳደም ተዘናግቶ መቃብር እስኪገባ መቆየቱን የሚገስጽ ነው። ወጣቱ በባቡሩ ውስጥ ያየውን በመጽሐፉ ውስጥ አገኘው። ብዙም ሳይቆይ በበርሊን ወደነበረው አነስተኛ የሙስሊሞች ማኅበር መሪ ሄዶ ሸሃዳ ያዘ። ሊኦ አንበሳ ማለት ነውና በዐረብኛ አሰድ ተባለ። ከሳምንታት በኋላ ኤልሳና ልጇም ተከተሉት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሙሐመድ አሰድ ከበርሊን የወጣው ሥራ አጥቶ ወይም ተባርሮ አይደለም። ስም ያለው ጋዜጠኛ ነበር። የወጣው ከተማዋ የሰጠችው ነገር ሁሉ ተደምሮ ልብን እንደማይሞላ ስለተረዳ ነው።

የመካ ሐዘን

በጃንዋሪ 1927 ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ይዘው ለሐጅ ተነሱ። አዲሱ ሕይወት ግን በደስታ አልጀመረም። ኤልሳ መካ ውስጥ በድንገት ታመመች፤ ሕመሟም ሳይረዝም ወደ አኼራ ሄደች። እዚያው መካ ተቀበረች። በመቃብሯ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ድንጋይ ተቀመጠ። ልጁ ያለ እናት፣ ባሏም ገና በ26 ዓመቱ ያለ ሚስት ቀሩ።

በዚህ ላይ ሌላ ሐዘን ነበረበት። አባቱ የልጃቸውን መስለም ሲሰሙ እንደ ሞተ ቆጥረውት ደብዳቤውን መመለስ ትተው ነበር። እርሱ ግን መጻፉን አላቋረጠም። በዓመት አንዴም ሁለቴም እየጻፈ እምነቱን ያስረዳ፣ ፍቅሩንም ይገልጽ ነበር። ይህ ለዓመታት ከቀጠለ በኋላ በ1935 አባትና ልጅ ታረቁ። አባትየውና እህቱ በ1942 በናዚዎች ከቪየና ተግዘው ሲያልቁ፣ ቢያንስ ኩርፊያ በመካከላቸው አልነበረም። አዲስ ሕይወት ጀመርኩ ብሎ አሮጌ ወላጁን ለሚረሳ ወጣት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል?

ባቡር የራቃት ከተማ

ሙሐመድ አሰድ በዐረብ ምድር ለስድስት ዓመት ገደማ ሲቆይ ቤቱን ያደረገው መዲና ነው። የዛሬዋን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባትን መዲና በዓይነ ኅሊናችን አናምጣ። ከደማስቆ የተዘረጋው የሒጃዝ ባቡር በ1908 መዲና ደርሶ ከተማዋ ተስፋፍታ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ሐዲዱ ተሰባበረ፣ ከተማዋም ተከበበች፣ ከነዋሪዎቿም ብዙዎቹ ተበተኑ። ከበባው ያበቃው በጃንዋሪ 1919 ነው። ባቡሩም እንደቀድሞው ሳይመለስ ቀረ። እንግዲህ ጋዜጠኛው ጎጆ የቀለሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ዙሪያ በምትገኝ፣ በተምር እርሻ በተከበበችና ከጦርነት ጉዳት ባገገመች ትንሽ ከተማ ነበር።

በዚያ ምን ሠራ? በመጀመሪያ ሙያውን አልጣለም። ለስዊስና ለሌሎች የአውሮፓ ጋዜጦች እየጻፈ ኑሮውን ይደጉም ነበር። ሁለተኛ ተማሪ ሆነ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ የሐዲስ ትምህርት ላይ ተጠመደ። ሦስተኛ ደግሞ የአካባቢውን ሰው መሰለ። ልብሳቸውን ለበሰ፣ ከበደዊዎች ጋር በግመል ተጓዘ፣ ከድንኳናቸውም ዐደረ። ንግግራቸውንም ከአፋቸው ለቀመ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል እንዳይመስለን። ሙሐመድ አሰድ በ1980 ያሳተመው የእንግሊዝኛ የቁርኣን ትርጉምና ማብራሪያ የሕይወቱ ትልቁ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ያበቃው የዐረብኛ እውቀት ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ እንዳልሆነ ራሱ ገልጿል። ቋንቋው ሳይደበላለቅ የቆየው በበደዊዎቹ ዘንድ ነው ብሎ ያምን ነበር። የከተማ ሰው «መሃይም» ብሎ የሚያልፋቸው ሰዎች ናቸው መምህሮቹ።

ኒካሕ

በ1930 ሙኒራ ከምትባል ከሸመር ጎሳ ከሆነች ሴት ጋር ኒካሕ አሰረ። በዐረብ አገር ዘር ቆጠራ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሙሽራው አያት ረቢ ነው። አባቱ በሩቅ አገር ያሉ፣ ያኔም ያልታረቁት ሰው ናቸው። ከጎኑ የሚቆም አጎትም ሆነ ወንድም የለውም። ቢሆንም ለትዳር ታመነ። በ1932 ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ጦላል ተባለ። ይህ ልጅ አድጎ በዓለም የታወቀ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ጦላል አሰድ ሆኗል።

በፊልምና በልብ ወለድ የምናየው ፍቅር ሁለት ሰዎች ተያይተው ልባቸው ሲመታ ጀምሮ ሠርጉ ላይ የሚያበቃ ነው። በዚያ ቤት ግን ሠርጉ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። ሰውየው ባል በሆነበት ቀን የአንድ ጎሳ አማች ሆነ። የልጅ አባት በሆነበት ቀን ደግሞ የመዲና ልጅ አባት ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ዐረቦች ሲጽፍ ስለ ራሱ ዘመዶች መጻፉ ነበር። በእኛ አስተያየት ትዳር ለእንግዳ ሰው ከሚሰጠው ጸጋ ዋነኛው ይኸው ነው፤ ተመልካች የነበረውን ቤተሰብ ያደርገዋል።

በዚያው ከተማ ከ1300 ዓመት በፊት

የመዲና ሰዎች እንግዳን ባለጎጆ በማድረግ የቆየ ታሪክ አላቸው። በ622 ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ከመካ የመጡትን ሙሃጂሮች ከመዲና አንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ከሙሃጂሮቹ አንዱ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ነበር። ይህ ሶሓባ ቀደም ሲል ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያ ሙስሊሞች መካከል የሚቆጠር ነው። መዲና ሲደርስ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የተባለ አንሷር ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍለው ተነሳ። ዐብዱረሕማን ግን አላህ በሀብትህና በቤተሰብህ በረካ ያድርግልህ ብሎ ከመረቀው በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳየው።

ገበያ ወጣ። በደረቅ አይብና በቅቤ ንግድ ጀመረ። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልብሱ ላይ የሽቶ ምልክት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁት። ከአንሷሮች አንዲት ሴት ማግባቱን ነገራቸው። መህሩ የተምር ፍሬ የሚመዝን ወርቅ ነበር። እርሳቸውም በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት።

ልብ በሉ! ሰጪው እስከ ግማሽ ሀብቱ ዘረጋ፤ ተቀባዩ ደግሞ በእጁ ሠርቶ ለመብላት ወጣ። ሁለቱም የየራሱን ድርሻ በመወጣቱ ትንሿ ከተማ እንግዳዋን ሳትከብድበት፣ እንግዳውም ሳይከብዳት ባለጎጆ ሆነ።

ተረት አይደለም

የሙሐመድ አሰድን ታሪክ «ከዚያ በኋላ በደስታ ኖሩ» ብለን ብንደመድመው አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በ1932 ከዐረብ ምድር ተነስቶ ወደ ሕንድ ሄደ። የንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ ኢብኑ ሱዑድ ወዳጅ የነበረ ቢሆንም ከመንግሥቱ የጠበቀውን አላገኘም ነበር። ሲሄድ ግን ሙኒራን ከወላጆቿ በር ጥሏት አልሄደም። ጨቅላውን ልጅ ጨምሮ ቤተሰቡ ወደ ሕንድ አብሮት ተሻገረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲነሳ እንግሊዞች እንደ ጠላት አገር ዜጋ ቆጥረው እስከ 1945 አስረው አቆዩት። ፓኪስታን በ1947 ስትመሠረት አገልግሎት ሰጠ፤ በ1952ም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መልእክተኛዋ ሆኖ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በዚያው ዓመት ከሙኒራ ጋር የነበረው የ22 ዓመት ትዳር በፍቺ አበቃ፤ ፖላ ሐሚዳ የተባለች አሜሪካዊት ሙስሊም አገባ። «ወደ መካ የሚወስደው መንገድ» የተሰኘው መጽሐፉ የታተመው በ1954 ነው። ዕድሜው ሲገፋ ለ19 ዓመት ገደማ በሞሮኮዋ ታንጀር ኖረ። በመጨረሻም በደቡብ ስፔን ሚሐስ በተባለች ተራራማ ከተማ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1992 አረፈ፤ ግራናዳ በሚገኘው የሙስሊሞች መቃብርም ተቀበረ።

ስለዚህ ትንሽ ከተማ መግባት ብቻውን ትዳርን ከፈተና አይጠብቅም። ቦታ ሰውን አይለውጥም፤ ሰው ግን በቦታው ላይ ምን ሊሆን እንደመጣ ከወሰነ ሊለወጥ ይችላል። መዲና ለሙሐመድ አሰድ የሰጠችው ከፈተና ነፃ የሆነ ኑሮ አይደለም። ቋንቋ፣ እውቀት፣ ቤተሰብና ወገን ሰጠችው። እነዚህ ከእርሷ ከወጣም በኋላ ስልሳ ዓመት አብረውት ኖሩ።

ለወጣቱና ለወላጅ

ወደ ትንሽ ከተማ ለተመደብክ ወንድማችን፣ ለተመደብሽም እኅታችን የምንለው አለን። ሻንጣችሁን ፍቱ። ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ መስጂዱን፣ ገበያውንና ጎረቤቱን እወቁ። የአካባቢውን ቋንቋ ተማሩ፤ ከገበሬውና ከነጋዴው የምትማሩት ነገር በሰርተፍኬት የማይገኝ ነው። ሙያችሁንም አትጣሉ፤ ትንሽ ከተማ ያደከመችው ብዙ ሰው አለ ሲባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ማንበብና መሥራት ያቆመ ሰው ታሪክ ነው።

ትዳርን በተመለከተ ደግሞ ብቸኝነት ብቻውን የኒካሕ ምክንያት አይሁናችሁ። ጠይቁ፣ ተጠያየቁ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ። ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ለራስህ መልስ፤ ነገ ዝውውር ቢመጣ ይህችን ልጅ ይዤ እሄዳለሁ ወይስ አልሄድም? መልሱን ካላወቅህ የሰው ደጅ አትምታ። ካወቅኸው ደግሞ ለቤተሰቧ በግልጽ ንገር። እርሷም አገሯን ትታ ለመከተል ፈቃደኛ መሆኗን ከራሷ አንደበት ስማ፤ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ የሚታሰር ኒካሕ እንደማይገባ ሸሪዓችን አስተምሮናልና።

ወላጆችም ሆይ! ጥንቃቄያችሁ ተገቢ ነው። ዲኑን፣ ጠባዩን፣ ቀድሞ የኖረበትን ቦታ አጣሩ። ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ከእነርሱ ጋር ያለውን ግንኙነት ጠይቁ፤ እናቱን የረሳ ሰው ሚስቱን ለመርሳት አይቸገርም። ነገር ግን ዲኑና ጠባዩ ካማረ «ዘመድ የለውም፣ አገሩ ሩቅ ነው» በሚል ብቻ አትመልሱት። ሸመሮች የረቢ የልጅ ልጅ የሆነውን የበርሊን ሰው ሲቀበሉ የጠየቁት ዘሩን አልነበረም ማለት አንችልም፤ በዘሩ ምክንያት ግን አልመለሱትም። መህሩንም አታክብዱ። የዐብዱረሕማን መህር የተምር ፍሬ ታህል ነበር፤ ወሊማውም አንድ በግ።

የከተማው ጀማዓም ድርሻ አለው። በጁምዓ ሰላት ላይ አዲስ ፊት ሲታይ ማን ነው ብሎ ከመጠየቅ አልፎ ቤቴ ምሳ ና የሚል ሰው ሊኖር ይገባል። በዳቦ ግማሽ ልቡ የተከፈተ ጋዜጠኛ እንደነበር አይተናል። ዛሬ በየሰፈራችን ስንት እንግዳ ያንን ግማሽ ዳቦ እንደሚጠብቅ አላህ ያውቃል።

አላህ (ሱ.ወ) ላላገቡት መልካም የትዳር ጓደኛን፣ ላገቡት መተዛዘንን፣ በባዕድ ከተማ ላሉት ደግሞ ደግ ጎረቤትን ይወፍቃቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።